ከጦርነት በኋላ ማን ይሠራል፣ ማን ይለካል? ከጎጃም መንገድ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ፀሐይዋ ከረር ብላ ነበር። የምሄደው ባሕር ዳር ነው። በጦርነቱ የፈረሱ የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲሠሩ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ እንድሆን ተጠይቄ፣ የሥራ ውሉን አይቼ እንድፈርም ለአርብ ጠዋት ቀጠሮ ተይዞልኛል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ ሰባት ቀን የሰጠሁት ግን ሆን ብዬ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን ከተፈረመ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ መልሶ ግንባታ የሚለው ቃል በየስብሰባው መሰማት ጀምሯል፤ የዓለም ባንክ ብቻ ባለፈው ሚያዝያ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ከመፈረሜ በፊት ተወልጄ ባደግሁበት በጎጃም ምድር፣ ከጦርነትና ከረኀብ በኋላ በችኮላ የታቀዱትን ሥራዎች፣ የቆሙትንም ሳይቆሙ የቀሩትንም፣ እንደ ባለሙያ ልመለከታቸው ፈለግሁ።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። ከታች ያለው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ ሲሆን ገንዘቡን የሰጠው የጃፓን መንግሥት፣ የሠራውም ካጂማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሰጪው አገር ገንዘቡን ለገዛ አገሩ ኩባንያ የሚመልስበት እንዲህ ያለው እርዳታ በሙያችን ብዙ ጊዜ ይነቀፋል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከነቀፌታው ጋር ድልድዩም ቆሟል፤ ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይሻገሩበታል። ስለዚህ የመንግሥትና የኩባንያ መቀራረብ ብቻውን ሥራን ያበላሻል ብዬ አልነሣም፤ የሚያበላሸው ምን እንደሆነ ግን በዚህ ጉዞ ለይቼ ማየት አለብኝ።

ዳገቱን ስንጨርስ የመጀመሪያዋ የጎጃም ከተማ ደጀን ናት። ደጀን ማለት ከጦሩ ኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ማለት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የሚገኘው የመከላከያ አቪዬሽን ኢንዱስትሪም በዚሁ ቃል ይጠራል። ኢንዱስትሪ የሠራዊት ደጀን መሆኑ የሚያስነውር ነገር የለውም፤ አገር ያለ እርሱ አትጠበቅም። ጥያቄው የሚመጣው ያ ደጀን ከጦሩ ኋላ ወጥቶ የስኳር ፋብሪካና የግድብ ተርባይን ሥራ ሲይዝ ነው።

እሑድ፣ ጥር 21 ቀን። ደብረ ማርቆስ

ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ አባታቸው በአርበኝነት የዋሉ አንድ አዛውንት አገኘሁና ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። «አባባ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ አገሩን ማን አቀናው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ አባቴ ሲነግረኝ፣ ጣልያን የተከለውን እንግሊዝ ነቀለው፤ እኛ ደግሞ ጉድጓዱን ስንደፍን ኖርን» አሉኝ።

ነገሩ ከታሪክ ጋር ይገጥማል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ፣ በቡሬና በደምበጫ በኩል፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከሚመራው የጌዲዮን ጦርና ከጎጃም አርበኞች ጋር መጥተው ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘውም በዚያው ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ በነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዘመን፣ ጣልያኖች ያቋቋሟቸው ብዙ ፋብሪካዎችና መሣሪያዎች የጠላት ንብረት ተብለው ተነቅለው ከአገር ወጥተዋል። ሕጋዊ ምክንያት ነበራቸው፤ ጦርነቱ አላለቀም፣ መሣሪያውም ለጦርነቱ ያስፈልጋል ይባል ነበር። አስቸኳይ የሚለው ቃል በወታደር አፍ ሲነገር ለመከራከር አይመችም፤ ዛሬም ያው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልሶ ግንባታ ግን ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በማግሥቱ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ አሜሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎችም አብረው ሠሩ። ለአዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ያስደሰታቸው ብድሩ አልነበረም። «ያ መሥሪያ ቤት ከነስሙ ይታወቅ ነበር። መንገድ ሲበላሽ ማን ዘንድ አቤት እንደሚባል እናውቅ ነበር» አሉ። ይህን ንግግራቸውን ማታ መኝታ ቤቴ ገብቼ ሳልረሳው ጻፍሁት።

ሰኞ፣ ጥር 22 ቀን። ከደብረ ማርቆስ እንጅባራ

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ስንጓዝ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። እኔ ግን ዓይኔን ከወረቀት ላይ ያነሣሁት ጥቂት ነው። በቦርሳዬ የያዝኩት አሜሪካ የሾመችው የኢራቅ መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ነው፤ ወደ ወሎ ከመሄዴ በፊት ደጋግሜ ላነበው ወስኛለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሪቻርድ (ዲክ) ቼኒ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን፣ የጦሩን የስንቅ፣ የመጠለያና የጥገና ሥራ ለግል ኩባንያ መስጠት ያዋጣ እንደሆነ እንዲያጠና ገንዘብ የተከፈለው ብራውን ኤንድ ሩት የተባለው የሃሊበርተን ቅርንጫፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራውን ያሸነፈውም እርሱው ሆነ። ቼኒ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ከ1995 እስከ 2000 ሃሊበርተንን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መሩ፤ ከዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ኢራቅ ስትወረር የነዳጅ ጉድጓዶቹን የመጠገን ሥራ ጣሪያው እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል፣ ያለ ጨረታ፣ ኬቢአር ለተባለው የዚያው ኩባንያ ክንፍ ተሰጠ። የክፍያው ስልት ያወጣኸውን ወጪ ሁሉ እከፍልሃለሁ፣ በላዩም ትርፍ እጨምርልሃለሁ የሚል ነው። እንዲህ ባለ ውል ቆጥቦ መሥራት ለተቋራጩ የሚያስገኝለት ጥቅም የለም።

ሌላው ተቋራጭ፣ ፓርሰንስ፣ 150 ያህል ጤና ጣቢያዎችን ሊሠራ ውል ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቆጣጣሪዎቹ ሲቆጥሩ 186 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ የተጠናቀቁት ስድስት ብቻ ነበሩ። ባግዳድ ላይ በተሠራው የፖሊስ ማሠልጠኛ ደግሞ የመጸዳጃ ፍሳሽ ከጣሪያ ወደ ክፍሎቹ ይንጠባጠብ ነበር። ኢንስፔክተሩ ስቱዋርት ቦወን በመጨረሻው ሪፖርታቸው ከ60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የመልሶ ግንባታ ገንዘብ ቢያንስ 8 ቢሊዮኑ እንደ ባከነ ገምተዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ያቋቋመው የጦርነት ጊዜ ውሎች ኮሚሽን ደግሞ ኢራቅንና አፍጋኒስታንን አንድ ላይ አድርጎ፣ የባከነውንና የተጭበረበረውን ከ31 እስከ 60 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል።

በእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች መካከል እኔን የሚያስቆመኝ አንድ የእጅ ጽሕፈት ነው። ቡናቲን ግሪንሃውስ በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር የግዥ ከፍተኛ ኃላፊ ነበሩ። የነዳጁ ውል ለፊርማ ሲቀርብላቸው፣ ያለ ጨረታ የሚሰጠው አስቸኳይ ሥራ ከአንድ ዓመት ማለፍ እንደሌለበት ከፊርማቸው አጠገብ በብዕር ጻፉ። በጦርነት ዋዜማ ሥራውን እናስቁም አላሉም፤ አስቸኳይነቱ የቀን ገደብ ይኑረው አሉ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከማዕረጋቸው ዝቅ ተደረጉ፤ በ2011 ክርክራቸው 970,000 ዶላር ተከፍሏቸው በስምምነት ተዘጋ።

እኔም አንድ ጊዜ ብዕር ይዤ ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ ግንባታ ላይ ተቆጣጣሪ ሳለሁ፣ ያልተሞላ የመሠረት ኮንክሪት እንደ ተሞላ ተቆጥሮ የቀረበልኝን የክፍያ ሰርተፊኬት ፈርሜያለሁ። ተቋራጩም አሠሪውም የመንግሥት ስለነበሩ፣ «ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ነው፤ የሚጎድል ነገር የለም» ተባልሁ። በክረምቱ የድጋፍ ግንቡ አፈሩን መሸከም አቅቶት ተንሸራተተ። ሰው አልሞተም፤ ግን የግንቡን ስንጥቅ ለመለካት የወረድኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ያ ግንብ ባይድንም እኔ ሌላ ሰው እሆን ነበር።

ማታ እንጅባራ ገባን። ብርዱ ይቆነጥጣል።

ማክሰኞ፣ ጥር 23 ቀን። እንጅባራ

የአገው ፈረሰኞች በዓል ዛሬ ነው። ፈረሶቹ ተሸልመው ከየአቅጣጫው ሲገቡ ሜዳው ይንቀጠቀጣል። የበዓሉ መነሻ አድዋ ነው፤ በዚያ ጦርነት የዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰቡበታል። አንድ ሕዝብ ከጦርነት በኋላ ፈረሱን እንኳ ሳይረሳ ዘመን መቁጠሩ ልቤን ነካው።

በሜዳው ዳር፣ ቀርቀሃ ከተደገፈበት ዳስ ሥር፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥሁ። አነጋገራቸው የወሎ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ፓዌ የሰፈሩ፣ የጣልያኖች ትራክተር ነጂ የነበሩ ናቸው። «አያ፣ ፓዌን እንዴት አገኙት?» ስላቸው፣ «መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው» አሉኝ። «ሆስፒታል ነበር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ ማሽን እንደ ጉድ ነበር። ጣልያኖቹ ሲሄዱ ማሽኑን የሚጠግን አንድ ሰው ከእኛ መካከል አላስቀሩም። የኔ ትራክተር ቀበቶ ተበጥሶ ቆመ፤ ሣር በቀለበት።»

ጣልያኖቹ ፓዌ ላይ የሠሩት የጣና በለስ ፕሮጀክት ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በረኀቡ ምስል የደነገጠው የጣልያን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሕግ፣ 1,900 ቢሊዮን ሊሬ በ18 ወር ውስጥ ለአስቸኳይ እርዳታ እንዲውል ፈቀደ፤ ሕጉ በአስቸኳይነቱ የተለመደውን የግዥ መንገድ ለማለፍ በር ከፍቷል። ከዚያ ገንዘብ ከተደገፉት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የሆነውን ጣና በለስን የወሰደው ሳሊኒ የተባለው የጣልያን ተቋራጭ ነው። ያው ኩባንያ በኋላ ግልገል ጊቤ ሁለትን፣ ጊቤ ሦስትንና በ2003 ዓ.ም. የዓባይን ግድብ የሲቪል ሥራ ያለ ጨረታ በቀጥታ ድርድር አግኝቷል። ሳሊኒ የጦር መሣሪያ አምራች አይደለም፤ ሠርቶም ያሳያል፤ ለዚህም ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። ሆኖም በረኀብ ጊዜ ለ18 ወር የተከፈተው በር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሳይዘጋ መቆየቱን ስናይ፣ ግሪንሃውስ አንድ ዓመት ብለው የጻፉበት ምክንያት ይገባናል።

ሽማግሌው ወሎ ልሄድ መሆኑን ሲሰሙ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ የተወለድኩበት አገር ነው። ስትሠሩ የሚጠግነውን ሰው አብራችሁ ሥሩ» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 24 ቀን። በዳንግላ በኩል ጃዊ

መንገዱ ከደጋው ወደ ቆላ ይወርዳል። በፋግታ ለኮማ በኩል ስናልፍ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ኮረብታውን ሸፍኖታል፤ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ውል ሳይሰጠው፣ የደከመ መሬቱን ወደ ገንዘብ የለወጠ ገበሬ ነው። ከቀትር በኋላ ፈንድቃ ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል።

የመጣሁት የበለስ ስኳር ልማትን ለማየት ነው። እያንዳንዳቸው በቀን 12,000 ቶን አገዳ የሚፈጩ ፋብሪካዎች እንዲተከሉ ሲታቀድ፣ የፋብሪካዎቹ ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ ለምንለው ተሰጠ። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም፣ የሆሚቾን የጥይት ፋብሪካና የጋፋትን የመሣሪያ ኢንዱስትሪ ጨምሮ የመከላከያ ኢንዱስትሪዎችን ከሲቪል ፋብሪካዎች ጋር አንድ ላይ ያዘ፤ የሚመሩትም የጦር መኮንኖች ነበሩ። ዓላማው መልካም ነበር፤ አገር የራሷን ማሽን ትሥራ የሚል ነው፤ ያን ጊዜ እኔም በጽኑ ደግፌዋለሁ። ከዚያ የዓባይ ግድብን የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎችን፣ የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ ሁሉ አንድ ላይ ያዘ።

ፋብሪካው ሳይደርስ አገዳው ደረሰ። የአገዳ ቆራጮች አለቃ የነበረ አንድ ሰው ማሳው ዳር ወስዶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ አገዳ እንደ ሰው ነው፤ ጊዜው ካለፈ ያረጃል። ውኃ አጠጣነው፣ ኮተኮትነው፣ ከዚያ የሚፈጨው ጠፍቶ አረጀ። እኔ ስኳር ለልጆቼ ከሱቅ በወረፋ ስገዛ ያ ሁሉ አገዳ ከኋላዬ ቆሞ ነበር» አለኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያሉት አባቶቻችን ይህን ያዩ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፋብሪካ ማምረት የጀመረው ሥራው ከሜቴክ እጅ ወጥቶ ለቻይና ኩባንያ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ ጉባ ላይ ያለው ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ሜቴክ ተርባይኖቹን በጊዜው ባለመትከሉ ከግድቡ ሥራ እንዲወጣ መደረጉን አስታወቁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ኮርፖሬሽኑ ከውጭ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገሩ። በተከታዮቹ ወራት ሥራው ለፈረንሣዩ የጄኔራል ኤሌክትሪክ (ጂኢ) ቅርንጫፍ፣ ለቮይትና ለቻይናው ጌዙባ ተከፋፍሎ ተሰጠ፤ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በየቀበሌው ቦንድ የገዛው የጎጃም ገበሬ ለዚያች ቀን ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ እኔ ከቤተሰቤ አውቀዋለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሣ ሌብነቱን ብቻ ያወራል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል ለክፉ ሰዎች ማመካኛ ሆኖ ኖሯል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ የሥራው አደረጃጀት ነው። በግንባታ ሥራ ሦስት ወገን አለ፤ አሠሪው ይከፍላል፣ ተቋራጩ ይሠራል፣ አማካሪው ሳይት ላይ ሆኖ ለክቶ ክፍያ ያጸድቃል። ሦስቱም ለአንድ የበላይ ሲታዘዙ ክፍያው ከሥራው ይቀድማል። የስኳር ኮርፖሬሽኑ የመንግሥት፣ ሜቴክ የመንግሥት፣ አበዳሪ ባንኩም የመንግሥት ነው፤ ተቋራጩን በሚጠይቅበት ቦታ ላይ የተቀመጠው ሰው የጦር ጄኔራልን በስልክ ተሳስተሃል ማለት ነበረበት። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የግዥ አዋጅ፣ ቁጥር 649/2001፣ ጨረታ መሠረታዊ መንገድ መሆኑን ይደነግግ ነበር፤ ለብሔራዊ ደኅንነትና ለመከላከያ ግን ልዩ መንገድ ይፈቅድ ነበር። ለጥይት ፋብሪካ ምስጢር ያስፈልጋል፤ እቀበላለሁ። ስኳር ግን ምን ምስጢር አለው?

እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከሥልጣን ሲሰናበቱ፣ የጦሩና የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ጥምረት ያልተገባ ተጽዕኖ እንዳያገኝ ሕዝባቸውን ያስጠነቀቁት፣ ወታደር ስለሚጠሉ አልነበረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የተባባሪዎቹን አገሮች ጦር የመሩ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል ነበሩ። ሠራዊቱን የሚወድ ሰው ከሸቀጥ ሊጠብቀው ይገባል።

ኀሙስ፣ ጥር 25 ቀን። ባሕር ዳር

ከዳንግላ በመራዊ አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ። በዓባይ ላይ የሚሠራው አዲሱ ድልድይ ገና በግንባታ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሄድሁ። ወጣቱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ከጣልያን የጦርነት ካሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የተወሰነላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአምስት ዓመት ወረራ ሲታሰብ እጅግ ትንሽ ነው። ያም ቢሆን የቆቃ ግድብን ጨምሮ በሥራ መልክ እንጂ በጥሬ ገንዘብ ብዙ አልመጣም፤ የግድቡንም ሥራ ይዘው የተጠቀሙት የጣልያን ኩባንያዎች ናቸው። ወራሪው ካሣ ሲከፍልም የገዛ ኢንዱስትሪው አተረፈ።

በፋብሪካው ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት በራፋቸው ላይ ቡና አቀረቡልኝ። «እትዬ፣ ይህ ፋብሪካ የጦርነት ካሣ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። «አጎቴ በጣልያን መርዝ ዓይኑ ጠፍቶ ነው የሞተው። እኔ ልጆቼን በዚህ ክር አሳድጌአለሁ። ማንም አልነገረኝም» አሉ። ሰዎች የተሠራላቸው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ በማን ደም እንደ ተከፈለ፣ ማን እንዳተረፈበት የማወቅ መብት አላቸው ብዬ አምናለሁ። በወሎ በሚሠራ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በር ላይ የተቋራጩ ስም፣ የውሉ ዋጋና የተቆጣጣሪው ስም ይለጠፍ። የእኔም ስም ጭምር።

አርብ፣ ጥር 26 ቀን። ባሕር ዳር

በሦስት ሰዓት ከቢሮው ደረስኩ። ኃላፊው በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ውሉንም ሰጡኝ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁሉንም አነበብኩ። ተቋራጮቹ ገና አልተመረጡም፤ በአንድ አንቀጽ ግን ከሥራው አስቸኳይነት የተነሣ በቀጥታ ግዥ መስጠት ይቻላል ይላል። ገደብ የለውም።

ሁለት ነገር ጠየቅሁ። የመጀመሪያው፣ ቀጥታ ግዥው ለአንድ የበጀት ዓመት ብቻ እንዲሆን፤ ሁለተኛው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የመንግሥትም የመከላከያም ድርጅት ቢሆን፣ ሳይት ላይ ሳይለካ ክፍያ እንዳይጸድቅና የተቆጣጣሪው ደመወዝ በተቋራጩ በጀት ውስጥ እንዳይገባ። ኃላፊው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ኢንጂነር፣ ልጆቹ በድንኳን እየተማሩ ነው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ማልበስ አለብን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከአራት ወር በኋላ ዝናቡ ይመጣል፤ የእኔ አንቀጽ ጣሪያውን ሊያዘገየው ይችላል። ይህን ሳስብ አንገቴ ላይ ላብ ወረደ።

«ጣሪያው ይቅደም፤ የመጀመሪያው ዓመት ያለ ጨረታ ይሁን። የሁለተኛውን ዓመት ግን ዛሬ እንዝጋው» አልኳቸው። ብዕሬን አውጥቼ በአንቀጹ አጠገብ፣ በጠርዙ ላይ፣ ሁለቱን ነገሮች በእጄ ጽፌ ቀን አደረግሁበት፤ ፊርማዬን ግን ገና አላኖርኩም። ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ለሕግ ክፍሉ እንደሚያሳዩትና ሰኞ በሦስት ሰዓት እንድመለስ ነገሩኝ።

ወደ ሆቴሌ ተመልሼ ክፍሉን እስከ ሰኞ አራዘምሁ።